ማስተካከያ፦ አጭር ሞላ በተገጠመላቸው መኪኖች ላይ ስለሚሰማው የኋላ ኳኳታ

የኋላ ሞላና ሾካቸው (የሞላውን መወዛወዝ የሚያበርደው ዘንግ ያለው ቱቦ) ተለያይቶ የተቀመጠ፣ ዝቅ እንዲሉ አጭር ሞላ የተገጠመላቸውን ትንንሽ መኪኖች በተመለከተ «ከኋላ ካንኳኳ ሾኩ አልቋል፤ 2ቱንም ቀይሩ» ብለን ነበር። ስህተት ነው። ብዙ ጊዜ የሚያንኳኳው ከመቀመጫው የላላው ሞላ ነው።

መኪናውን በክሪክ ከቦዲው አንስታችሁ በማቆሚያ ደግፉት፤ የኋላ ጎማዎቹ ይንጠልጠሉ። ሞላውን በእጅ ያዙት። ከዞረ ወይም ወደላይና ወደታች ከተንቀሳቀሰ፣ የፋብሪካው ሾክ ለዚያ ሞላ ረጅም ነው። ጎንደር ላይ ከፒያሳ ወደ አዘዞ ሲወረድ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ሞላው ይለቃል፣ ሲመለስ ጓ! ይላል። መፍትሔው ለአጭር ሞላ የተሠራ አጭር ሾክ ነው። የፋብሪካውን ዓይነት አዲስ ሾክ መግጠም ገንዘብ መጣል ነው፤ ሞላውን በሽቦ ማሰርማ አይታሰብም።

ሁለተኛው ስህተታችን ይብሳል። የኋላውን አክስል ከቦዲው ጋር የሚያያይዙትን የ2ቱን ቡሾች (ውስጣቸው ጎማ ያለባቸው ማያያዣዎች) ብሎን «ጎማው እንደተንጠለጠለ አጥብቁ» ብለናል። መጥበቅ ያለበት መኪናው በ4 ጎማው ካረፈ በኋላ ነው፤ ከሥር መግቢያ ጉድጓድ ያለው ጋራዥ ለዚህ ይመቻል። ተንጠልጥሎ ከጠበቀ፣ መኪናው ሲወርድ የቡሹ ጎማ ተጠምዝዞ ይቀራል፤ ኮብልስቶን ላይ ደግሞ ቶሎ ይቀደዳል። በኛ ምክር አጥብቃችሁ ከሆነ፣ የቡሹ ጎማ እስካልተሰነጠቀ ድረስ አላልቶ መልሶ ማጥበቅ ይበቃል።

በሾኩ ዘንግ ላይ ያለውን የመምቻ ጎማም (ሾኩ እስከ መጨረሻ ሲጨመቅ ምቱን የሚቀበለውን) አውጥታችሁ አትጣሉ፤ የሞላው አምራች በሚለው ልክ ብቻ ይቆረጥ።