እርማት፦ የዊንድሰር ቤት በጋብቻ ስሙን አልቀየረም

«ዳግማዊት ኤልሳቤጥ ልዑል ፊሊፕን ስላገቡ የእንግሊዝ ንጉሣዊ ቤት በልዑሉ የቤተሰብ ስም ማውንትባተን ሆነ» ሲባል ደጋግሜ ስላየሁ በአክብሮት ላርም። አልሆነም። ዊንድሰር የሚለውን የቤቱን ስም ንጉሥ ጆርጅ 5ኛ በ1917 እ.ኤ.አ. አወጁት፤ ከጀርመን ጋር ጦርነት ላይ ሳሉ በቀድሞው ጀርመናዊ ስሙ ሳክስ ኮበርግ ጎታ መባሉ ለሕዝቡ ይከብድ ነበር። ንግሥቲቱም በነገሡ በ2 ወራቸው፣ በኤፕሪል 1952፣ እሳቸውና ልጆቻቸው በዊንድሰርነት እንዲቀጥሉ ወሰኑ። ልዑሉን ይህ በጣም እንዳሳዘናቸው የታወቀ ነው።

ስህተቱ ከ1960ው ውሳኔ የመጣ ይመስለኛል። «ማውንትባተን ዊንድሰር» የተባለው ያኔ ነው፤ ግን የልዑልነት ማዕረግ ለሌላቸው ዘሮች የተሰጠ የቤተሰብ ስም እንጂ የሥርወ መንግሥቱ መጠሪያ አይደለም። ሁለቱም ውሳኔዎች በብሪታንያ መንግሥት ይፋዊ ጋዜጣ፣ በለንደን ጋዜት፣ ታትመዋልና ማመሳከር ይቻላል። ይህን ያልለየ ሰው ቻርልስ 3ኛን የአዲስ ሥርወ መንግሥት መሥራች አድርጎ ይጽፋል።