ማስተካከያ፦ የታደሰ ሞሲን ናጋንት 91/30 በቁጥሩ ብቻ አይለይም

ስለ ሶቪየት ሞሲን ናጋንት 91/30 ጠመንጃ ቀደም ሲል በወጣው ጽሑፍ፣ «የበርሜሉ፣ የቦልቱ (ጥይቱን ወደ በርሜሉ አስገብቶ የሚዘጋው ተንቀሳቃሽ ክፍል)፣ የካዝናው ክዳንና የሰደፉ ብረት ቁጥር ተመሳሳይ ከሆነ ጠመንጃው ከፋብሪካ እንደወጣ ነው» የተባለው በሚከተለው ይስተካከል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሶቪየት ማደሻዎች ጠመንጃዎቹን ፈታተው ክፍሎቻቸውን ቀላቅለው ገጠሙ፤ ከዚያም የበርሜሉን ቁጥር በሌሎቹ ላይ መቱባቸው። ስለዚህ ቁጥሩ መግጠሙ ሳይሆን የተመታበት መንገድ ይታይ። በቦልቱ ላይ አሮጌው ቁጥር በመስመር ተሰርዞ አዲስ ከተጻፈበት፣ ቁጥሩ በኤሌክትሪክ መጻፊያ ከተጫረ፣ ወይም የአኃዞቹ ቅርጽና መጠን ከበርሜሉ ከተለየ ኋላ የተደረገ ነው። አንዳንዴ አሮጌው ተፍቆ ስለሚጠፋ ብረቱን ወደ ብርሃን አዘንብሎ ማየት ይበጃል፤ ፍቀቱ ጎድጎድ ብሎ ይታያል።

በጠመንጃው ላይ የሚታየው፣ በሰያፍ መስመር የተቆረጠው አራት ማዕዘን የእድሳት ምልክት እንጂ የፋብሪካ አይደለም። የቱላ ፋብሪካ ምልክት ቀስት ያለበት ኮከብ ነው፤ የኢዥየቭስክ ደግሞ ቀስት ያለበት ሦስት ማዕዘን። በበርሜሉ ላይ ያለው ዓመት የበርሜሉ ነው፤ ማቀፊያው (በርሜሉ የሚገጠምበትና ቦልቱን የሚይዘው ብረት) ከዚያ ሊያረጅ ይችላል። የእሱን ዓመት ለማየት፣ ጥይት እንደሌለበት ካረጋገጡ በኋላ የበርሜሉን ማቀፊያ ቀለበቶችና ሁለቱን ማሰሪያ ብሎኖች ፈትቶ ብረቱን ከእንጨቱ ማውጣትና ከማቀፊያው ኋላ የሚወጣውን የጭራውን የታች ገጽ ማየት ያስፈልጋል።

በቀደመው ጽሑፍ፣ ጠመንጃው እንዳይዝግ የተቀባውን ቅባት በአልኮል ማጽዳት የሚለውም ይቅር፦ አልኮል በእድሳት ጊዜ እንጨቱ ላይ የተቀባውን ሼላክ (የእንጨት ቫርኒሽ) ያሟሟዋል። ለብረቱ ነጭ ጋዝ ይበቃል።