ንግግሩ የሚመለከተው ጎረቤቴን ነው

ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ኳስ በሚሠለጥንበት የሰፈራችን ሜዳ ባለፈው ወር የወላጆች ስብሰባ ተጠርቶ ነበር። የስብሰባው ምክንያት በግልጽ ባይነገርም ሁላችንም እናውቀዋለን። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት አንድ አባት «አክርረህ ምታው!» እያለ ሲጮህ ቆይቶ፣ ልጁ አልሰማ ሲለው መስመሩን አልፎ ገባና አሥር ዓመት ያልሞላቸውን ልጆች ገለል አድርጎ ኳሱን ራሱ መታው። ደግሞም ሳተው።

ንግግር ያደረጉልን የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ በሙያቸው ጠበቃ ናቸው። በድሮው ዘመን ቢወለዱ ኖሮ፣ ኩታቸውን አጣፍተውና ዘንጋቸውን እየሰበቁ «በላ ልበልሃ» ሲሉ ባላጋራቸውን መግቢያ ከሚያሳጡት ተሟጋቾች አንዱ ይሆኑ እንደነበር አልጠራጠርም። ንግግራቸውን የጀመሩት በጥያቄ ነበር። «ከመካከላችሁ ልጅ ሳለ ኳስ ሲጫወት አባቱ ቆሞ ያየለት ማን ነው?» አንድም እጅ አልተነሣም። የእኛ አባቶች ሜዳ ብቅ የሚሉት ቀበቶ ይዘው ነበር፤ እኛም የጨርቅ ኳሱን፣ አንዳንዴም ጫማችንን ጥለን እንፈረጥጥ ስለነበር፣ አባቶቻችን ለአገሪቱ ስፖርት ያበረከቱት ነገር ቢኖር በአጭር ርቀት ሩጫ በኩል ነው።

ጥያቄው ግን ሥራውን ሠራ። ሊያሳምን የተነሣ ሰው ማስረጃውን ከማቅረቡ በፊት አንጀት ይበላል፤ አንጀቱ የተበላ አድማጭ ደግሞ ማስረጃ አይመረምርም። ከጎኔ የቆሙት እናት ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ መጥረግ ሲጀምሩ ጠበቃው ምስክር ወደ መጥራቱ ተሻገሩ። የመጀመሪያው ምስክር የመጣው ከሩቅ ነው። ኖርዌይ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1987 የልጆችን የስፖርት መብት የሚደነግግ ሰነድ ማጽደቋን፣ በዚያ አገር ለትንንሽ ልጆች ውድድር የደረጃ ሰንጠረዥ እንደማይወጣ፣ ሆኖም አምስት ሚሊዮን ተኩል ገደማ ሕዝብ ያላት ይህች አገር በ2022ቱ የቤጂንግ የክረምት ኦሊምፒክ 16 ወርቅ ማግኘቷን አስረዱ። «እነሱማ በረዶ አላቸው» አለ አንድ ሰው ከኋላ፤ መልስ የሰጠው ግን አልነበረም።

ሁለተኛው ምስክር ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነበር። «ያለ ወላጅ ድጋፍ ጀግና የለም!» ሲሉ ጠበቃው ጭብጨባው አስተጋባ። እዚህ ላይ እንደ ጥንቱ ሥርዓት «ተጠየቅ!» የሚል ሰው ቢነሣ ኖሮ ክርክሩ እዚያው በፈረሰ ነበር። ምክንያቱም ኃይሌ በአርሲ ልጅ ሳለ በየቀኑ አሥር ኪሎ ሜትር ሮጦ ትምህርት ቤት የሚሄደው ደጋፊ ስለነበረው ሳይሆን ትምህርት ቤቱ ሩቅ ስለነበረ ነው፤ ሲሮጥ ግራ ክንዱን እጥፍ የሚያደርገውም ያኔ ደብተር ይይዝበት ስለነበር ነው ይባላል። አባቱም ሩጫውን አልወደዱለትም ነበር። በአትላንታና በሲድኒ ወርቅ ያጠለቀው ልጅ አባቱን አሸንፎ የመጣ ልጅ ነው እንጂ አባቱ መስመር ዳር ቆመው ያበረታቱት ልጅ አይደለም።

ታዲያ ለምን አጨበጨብን? ሁላችንም ያጨበጨብነው ጎረቤታችንን እያየን ነበር። ከሁሉ አብልጦ ያጨበጨበው ያ ኳሱን የሳተው አባት ሲሆን፣ በክርኑ ጎሸም አድርጎኝ «እንደዚህ ዓይነት ወላጆች እኮ አሉ» አለኝ። እኔም በሐዘኔታ ራሴን ነቀነቅሁ፤ እርሱን ማለቴ ነበር። እኔ ለልጄ ምክር እንጂ ጩኸት አሰምቼ አላውቅም። ዳኛውን «ዕውር» ያልኩትም አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን በእርግጥ አላየም።

በስብሰባው ማብቂያ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ግጥሚያ ማንም ወላጅ ድምፅ እንዳያሰማ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

ቅዳሜ ደረሰና ቃላችንን ጠበቅን። ያ አባት እጆቹን ኪሱ ከትቶ፣ ኳስ ወደ ልጁ በሄደ ቁጥር የቆመበትን ሣር በጫማው ጫፍ እየመታ ቦታውን አራቆተው። አንዲት እናት ጩኸት በመጣባቸው ቁጥር አፋቸውን ቆሎ እየሞሉ ግማሽ ኪሎ የሚሆን ጨረሱ። ጠበቃው ራሳቸው «ክንፍ፣ ክንፍ» እያሉ እንደ ጸሎት ሲያነበንቡ ሰምቻቸዋለሁ። የልጆቹ በረኛ ደግሞ ወላጆቹ ጥለውት የሄዱ መስሎት በየደቂቃው ወደ ኋላው ይገላመጥ ስለነበር፣ የመጀመሪያው ጎል የገባው እናቱን በዓይኑ ሲፈልግ በእግሮቹ መካከል አልፎ ነው።

በዕረፍት ሰዓት ልጄ ውኃ ሊጠጣ ወደ እኔ መጣ። ነጠላ ለብሰው፣ እጃቸውን አጣምረውና አንገታቸውን ደፍተው በዝምታ የተሰለፉትን ወላጆች ከዳር እስከ ዳር ቃኘ። ከዚያም የውኃውን ላስቲክ ከአፉ አንሥቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀኝ።

«አባዬ፣ ማን ሞቶ ነው?»