ለሥራ አስኪያጅ ጃቫን ስናስረዳ ከብሩ መንገድ እንጀምር

አንድ የሶፍትዌር ቡድን መሪ ለኃላፊው በጀት ሲያስፈቅድ አስቡት። "ስፕሪንግ ቡትን ወደ 3 ማሳደግ አለብን፤ ጃቫ 8ም አርጅቷል" ይላል። (ጃቫ ፕሮግራም የሚጻፍበት ቋንቋ ነው፤ ስፕሪንግ ቡት በጃቫ መሥራትን የሚያቀል ዝግጁ መሣሪያ ነው፤ ቁጥሮቹ የእትም ቁጥሮች ናቸው።) ኃላፊው በትዕግሥት ያዳምጥና አንድ ነገር ይጠይቃል፦ "ይሄ ሲሠራ ደንበኛው ምን ያገኛል?" መሪው "ሲስተሙ ዘመናዊ ይሆናል" ብሎ ይመልሳል። በጀቱ ለከርሞ ይተላለፋል።

ጥፋቱ የኃላፊው አይመስለኝም። የተበላሸው እኛ ባለሙያዎቹ የምናስረዳበት መንገድ ነው። ወይ ስም እንደረድራለን፣ ወይ ምሳሌ እናበዛለን። ኤፒአይ (ሁለት ፕሮግራሞች የሚነጋገሩበት መንገድ) የሬስቶራንት አስተናጋጅ ነው ስንል ሰሚው ይረጋጋል፤ ግን በዚያ ተነሥቶ ምንም መወሰን አይችልም። አስተናጋጁ አንድን ትዕዛዝ ሁለቴ ቢያደርስ አንድ ሳህን ምግብ ይተርፋል። ባንክ ውስጥ ግን የሰው ገንዘብ ነው ሁለቴ የሚቀነሰው።

ስለዚህ ሐሳቤ ይሄ ነው። ስለ ድርጅት ጃቫ፣ ማለትም ትልልቅ ድርጅቶች በጃቫ ስለሚያሠሩት ሲስተም፣ የምንናገረውን ሁሉ ከአንድ የብር ዝውውር እናስነሳ። በየደረጃውም "እዚህ ጋ ቢበላሽ ምን ይሆናል?" ብለን እንጠይቅ።

ለታሪኩ ያህል፣ ጃቫን ሰን ማይክሮሲስተምስ ይፋ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። ትልልቅ ድርጅቶች ሁሉ የሚያስፈልጓቸው የጋራ ሥራዎች ነበሩ፦ ከዳታቤዝ ጋር መነጋገር፣ የተጠቃሚን ማንነት ማረጋገጥ፣ ሂሳብ እንዳይዛባ መጠበቅ። እያንዳንዱ ድርጅት እነዚህን ከዜሮ እንዳይጽፍ በ1999 ጄ2ኢኢ የሚባለው ስብስብ ወጣ። ከባድ ነበር። በ2004 የመጀመሪያ እትሙን ያወጣው ስፕሪንግ ነገሩን አቀለለው። ፕሮግራመሩ የድርጅቱን ደንብ ብቻ ይጻፍ፣ የተቀረውን ፍሬምወርኩ (ዝግጁ የኮድ ማዕቀፉ) ይሥራው ነው ሐሳቡ።

አሁን ወደ ብሩ። አንድ ሰው 5,000 ብር ለእህቱ ላከ እንበል። ፕሮግራሙ ቀሪ ሂሳቡን ያያል፣ ከእሱ ይቀንሳል፣ ለእሷ ይጨምራል፣ ይመዘግባል። ከእሱ ከቀነሰ በኋላ፣ ለእሷ ሳይጨምር ሰርቨሩ ቢጠፋስ? ትራንዛክሽን የሚባለው ነገር የተፈጠረው ለዚህች ቅጽበት ነው። ወይ ሁሉም ይፈጸማል፣ ወይ ምንም እንዳልተነካ ይመለሳል።

በስፕሪንግ ይሄን ለማግኘት ከኮዱ በላይ "ትራንዛክሽናል" የሚል አንዲት ቃል መጻፍ ይበቃል። ቀላል ስለሆነች ሁሉም ይገለብጣታል። ብዙ ጀማሪ ግን አንድ ነገር አያውቅም። ጃቫ ስህተቶችን ለሁለት ይከፍላል፦ ፕሮግራመሩ የግድ መላ እንዲያበጅላቸው ኮምፓይለሩ (ኮዱን ለማሽን የሚተረጉመው) የሚያስገድዳቸውና የማያስገድዳቸው። ስፕሪንግ ሌላ ካልተነገረው በቀር ሥራውን ወደ ኋላ የሚመልሰው ሁለተኛው ዓይነት ሲከሰት ነው። የመጀመሪያው ዓይነት በመሃል ከተነሣ፣ የተቀነሰው ተቀንሶ ይጸድቃል። ለእህትየዋ ግን አልደረሰም።

ሥራ አስኪያጁ የስህተቶቹን ዓይነት ማወቅ አይጠበቅበትም። "መሃል ላይ ቆርጣችሁ ሞክራችሁታል ወይ?" ብሎ መጠየቅ ግን ይችላል። መጠየቅም አለበት። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ለሰዓታት ከቀሪ ሂሳባቸው በላይ ማውጣት ችለው ነበር። ባንኩ የሳይበር ጥቃት እንዳልነበረ አሳውቋል። ዩኒቨርሲቲዎች ሳይቀሩ ተማሪዎቻቸው ገንዘቡን እንዲመልሱ ማስታወቂያ ለጥፈዋል። ከዚያ ወዲህ "ቀሪ ሂሳብ የሚታየው የትኛው ደረጃ ላይ ነው?" የሚል ጥያቄ ከቦርድ አባል ቢመጣ ማንም "ይሄማ የአይቲ ሰዎች ጉዳይ ነው" ሊለው አይገባም።

ብሩ ወደ ሌላ ባንክ ሲሄድ ነገሩ ይከብዳል። የዚያኛው ዳታቤዝ የእኛ አይደለም። ትራንዛክሽናችን ድንበሩ ላይ ያበቃል። በሌላ ባንክ ኤቲኤም "ብሩ አልወጣልኝም፣ ከሂሳቤ ግን ተቀንሷል" ያለ ሰው ሁሉ ይህን ድንበር በራሱ ላይ አይቶታል። ጥያቄ ልከናል፣ መልስ አልመጣም። ተከፍሏል? አልተከፈለም? ደግመን ብንልክ ሁለቴ ሊከፈል ይችላል። ብሩን ለባለቤቱ ብንመልስ ደግሞ ወዲያ ማዶ ቀድሞ ተከፍሎ ሊሆን ይችላል።

መፍትሔው ለእያንዳንዱ ጥያቄ የራሱን መለያ ቁጥር መስጠት ነው። ተቀባዩ ያንኑ ቁጥር ዳግም ሲያይ ሥራውን አይደግምም፤ የቀድሞ መልሱን ብቻ ይልካል። ከዚያም በቀኑ መጨረሻ ሂሳብ ማስታረቅ አለ። እዚህ ጋ ነው የሥራ አስኪያጁ ድርሻ ጎልቶ የሚወጣው። የሚያስታርቁት ስንት ሰዎች ናቸው? ለደንበኛው በስንት ቀን ይመለሳል? እስከዚያ የሚደርሰው የጽሑፍ መልእክት ምን ይላል? ከእነዚህ አንዱም የጃቫ ጥያቄ አይደለም። ኃላፊው ስላልተጠየቀ ብቻ ግን ፕሮግራመሩ ብቻውን፣ ያውም ሌሊት፣ ይወስናቸዋል። ይሄ በጣም ያሳስበኛል።

ሌላው ደሞዝ የሚወጣበት ቀን ነው። ሲስተሙ ይንቀረፈፋል፤ ከዚያ "ሲስተም የለም" ይባላል። ኃላፊው "ሰርቨር እንግዛ" ይላል። ግን ፕሮግራሙ ከዳታቤዙ ጋር የሚነጋገረው በተወሰኑ መስመሮች ነው። በስፕሪንግ ላይ በተሠራው ስፕሪንግ ቡት፣ መስመሮቹን የሚያስተዳድረው ሂካሪ የሚባለው ላይብረሪ (ዝግጁ የኮድ ስብስብ) ካልቀየሩት በቀር 10 ብቻ ይከፍታል። አሥሩ ከተያዙ አሥራ አንደኛው ጥያቄ እስከ 30 ሰከንድ ይጠብቅና ይወድቃል። መስመሩን አንቆ የያዘው አንድ ዘገምተኛ የዳታቤዝ ጥያቄ ከሆነ፣ አዲስ ሰርቨር መግዛት ተጨማሪ ተሰላፊ ማምጣት ነው። ግዢ ከመፈረሙ በፊት "መስመሮቹ ለምን ያህል ጊዜ ተይዘው ይቆያሉ?" ብሎ መጠየቅ ብዙ ገንዘብ ያድናል።

ወደ በጀቱ ልመለስ። ማሳደግ ለምን አስፈለገ? እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 ሎግፎርጄ በሚባል ላይብረሪ ውስጥ ክፍተት ተገኘ። ላይብረሪው ፕሮግራሙ የሠራውን የሚመዘግብ ብቻ ነው። ነገር ግን አጥቂ በስም መጻፊያው ሳጥን ውስጥ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ቢያስገባና ፕሮግራሙ ያንን ቢመዘግብ፣ ላይብረሪው ጽሑፉን እንደ ትዕዛዝ ተቀብሎ የአጥቂውን ኮድ ከውጭ አምጥቶ ያስኬድ ነበር። የአደጋው መጠን ከ10 10 ተሰጠው። "እኛ ጋ አለ?" የሚለው ጥያቄ ብዙ ቦታ መልስ አጣ። ብዙ ጊዜ ላይብረሪውን ማንም በእጁ አላስገባውም፤ ሌላ ላይብረሪ ይዞት ነው የገባው። ላይብረሪዎችን ለፕሮግራሙ የሚያሰባስበው ሜቨን የሚባል መሣሪያ የሁሉንም ዝርዝር በአንድ ትዕዛዝ ያወጣል። ዝርዝሩ በየጊዜው ወጥቶ መቀመጥ አለበት።

የስፕሪንግ ቡት 2.7 ነፃ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 አብቅቷል። ቁጥር 3 ደግሞ ቢያንስ ጃቫ 17 ይጠይቃል። በዚያ ላይ የስም ለውጥ አለ። ሰንን የገዛው ኦራክል የድርጅት ጃቫን ኤክሊፕስ ፋውንዴሽን ለሚባል የነፃ ሶፍትዌር ድርጅት ሲያስረክብ፣ ኮዱ ውስጥ በየቦታው በሚጻፈው "ጃቫክስ" በሚለው ስም አጠቃቀም ላይ ስላልተስማሙ፣ በ2020 ያ ስም "ጃካርታ" ሆነ። ውጤቱ? እጅግ ብዙ የኮድ መስመር ይነካል፤ ስክሪኑ ላይ ግን የሚለወጥ ነገር የለም። ይሄን መደበቅ አያስፈልግም። ለኃላፊው በግልጽ "ለጥቂት ወራት አዲስ ነገር አታይም፤ በምትኩ ቀጣዩ ክፍተት ሲገኝ ጥገናው ለእኛም ይደርሰናል" እንበለው። ይህን የሚገባው ኃላፊ ብዙ ነው። የነገረው ሰው ነው የጠፋው።

ለጀማሪዎችም መንገዱ ያው ነው። ሲቪ ላይ ማይክሮሰርቪስና ኩበርኔቲስ የመሳሰሉ የቴክኖሎጂ ስሞችን ከመደርደራችሁ በፊት ትንሽ የገንዘብ ማስተላለፊያ ፕሮግራም ጻፉ። በመቀነሱና በመጨመሩ መሃል ሆን ብላችሁ ስህተት አስነሡና ዳታቤዙን ክፈቱ። ከዚያ ስህተቱን በሌላው ዓይነት ቀይራችሁ እንደገና አስኪዱት። ሁለቱን ቀሪ ሂሳቦች ጎን ለጎን አድርጋችሁ ለአለቃችሁ አሳዩት።