ዴዝሞንድ በአካሉ ወደ 1996 አልሄደም

ስለ ሎስት (የአሜሪካ ተከታታይ የቲቪ ድራማ ነው፣ ዴዝሞንድም ከገጸ ባህሪያቱ አንዱ) እያወራችሁ ብዙዎቻችሁ "ዴዝሞንድ ሄሊኮፕተሩ ላይ እያለ ከ2004 ጠፍቶ በአካሉ ወደ 1996 ተመለሰ" ስትሉ አየሁ። ይቅርታ፣ ግን እንደዛ አይደለም። በ4ኛው ሲዝን 5ኛ ክፍል፣ "ዘ ኮንስታንት" ላይ፣ የሚጓዘው አእምሮው ብቻ ነው። ያውም በ1996 ስኮትላንድ ውስጥ ወታደር የነበረው ዴዝሞንድ ነው በ2004ቱ ገላው ውስጥ ድንገት የሚነቃው፤ ለዚህም ነው አብሮት የተሳፈረውን ሳይድን ጭራሽ የማያውቀው።

ማረጋገጥ ቀላል ነው። ክፍሉን ድጋሚ ክፈቱና ፀጉሩን እዩ። በ1996 አጭር ነው፣ በ2004 ረጅም፣ አንዴም አይቀላቀልም። የኦክስፎርዱንም ትዕይንት እዩት፦ የፊዚክስ ሊቁ የፋራዴይ አይጥ ኤሎይዝ ከጠረጴዛው ላይ የትም አትጠፋም፣ ግን ፋራዴይ ገና ከአንድ ሰዓት በኋላ ሊያስተምራት ያሰበውን የእንቆቅልሽ መንገድ ሳትሳሳት ትሮጠዋለች፤ አእምሮዋ ብቻ ወደፊት ሄዶ ተመልሷል ማለት ነው።

ግራ መጋባቱ ከ5ኛው ሲዝን የመጣ ይመስለኛል፤ እዚያ ደሴቱ ላይ የቀሩት እነሶየር በእርግጥም በአካላቸው ነው ከዘመን ዘመን የሚዘሉት።

ትንሽ ስህተት ትመስላለች፣ ግን ታሪኩን ታፈርሰዋለች። በአካሉ ሄደ ካልን ሄሊኮፕተሩ ያመራበት መርከብ ላይ ያለው የሬዲዮ ሠራተኛ ሚንኮውስኪ ለምን አፍንጫው ደምቶ እንደሞተ አይገባንም። የሞተው አእምሮው በሁለት ዘመን መሃል ሲዋልል የሚይዘው ነገር ስላጣ ነው። ዴዝሞንድም በ1996 የቀድሞ ፍቅረኛውን ፔኒን ስልክ ቁጥሯን የሚለምናት፣ በ2004 የገና ዋዜማ የሚደውልላት፣ በሁለቱም ዘመን የሚያውቃት ሰው ስላስፈለገው ነው (ያንን ጥሪ ዓይኑ እንባ ሳያቀር ያየ ካለ ይንገረኝ)።