ይድረስ ለተከበሩ ጊዜያዊ ቀስት

ባሉበት፣ ማለትም በአንድ ምስማር ላይ
ደሴ

ጉዳዩ፦ ሐሙስ ጠዋት እስከ ሴቶች መታጠቢያ ቤት ድረስ ስለመሩን ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፤ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከትከሻዬ በቀር ደህና ነኝ።

ካላስታወሱኝ፣ በፊትዎ ዊልቸር እየገፋሁ ያለፍኩት ሰው ነኝ። ዊልቸሩ ላይ የነበሩት አጎቴ ናቸው። ጋሼ በሚኖሩበት የአረጋውያን መኖሪያ ግቢ ኮብልስቶን ሊነጠፍ ተብሎ ዋናው መተላለፊያ ከተዘጋ ሰነበተ። ክሊኒኩም ወደ ጓሮ ዞረ። እርስዎም የተሾሙት ያኔ ነው። «ወደ ክሊኒክ» የሚል ጽሑፍና አንድ ቀስት ይዘው አጥሩ ላይ ተሰቀሉ። በአንድ ምስማር።

ሁለት ቢሆን ኖሮ ይህ ደብዳቤ ባልተጻፈ። በአንድ ምስማር የተሰቀለ ቀስት ግን ደመወዝ የሚከፍለው የጦሳ ተራራ ነፋስ ነው። ጠዋት ክሊኒኩን ያሳያል። ረፋድ ላይ ወጥ ቤቱን። ከሰዓት በኋላ ቀጥ ብሎ ሰማይ ያሳያል። ይህኛው ለአረጋውያን መኖሪያ ትንሽ አልከበደም?

እኛ ስንደርስ ወደ ቁልቁለቱ ዞረው ነበር። ጋሼ የዓይን ቀጠሮ አላቸው። ሐኪሟ የምትመጣው በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ ሐሙስ፣ እስከ ስድስት ሰዓት። «ቀስቱ ወዴት ይላል?» አሉኝ። «ወደ ታች» አልኳቸው። «በል ግፋ!» ገፋሁ። ወረድን። አንድ የቆርቆሮ በር አገኘን። በሩ ላይ ምንም አልተጻፈም። በዊልቸሩ እግር ገፋ አድርጌ ከፈትኩት።

ኧረ የጉድ ያለህ!

እንፋሎት። ሳሙና። ሦስት እናቶች፤ የአንዷ ፊት አረፋ ብቻ ነው። ከዚያ አንድ ጆግ አየር ላይ ሲበር ትዝ ይለኛል። ትከሻዬን አገኘው። ዊልቸሩን ወደ ኋላ ልጎትት ስል ጎማው ፍሳሽ መውረጃው ውስጥ ተቀረቀረ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እጎትታለሁ። ጋሼ ምንም ስላልታያቸው ባርኔጣቸውን አንስተው «እንደምን አደራችሁ! ዶክተሯ ገብታለች?» ይላሉ።

ጥበቃው ዱላውን ይዞ ደረሰ። ግማሽ ግቢ ተሰበሰበ። መታወቂያዬን አወጣሁ። ለምን መታወቂያ እንዳወጣሁ እስካሁን አላውቅም። «ቀስቱ ነው!» አልኩ። ሁሉም ዞሮ አየዎት። እርስዎ ደግሞ በዚያች ደቂቃ ነፋሱ መልሶዎት፣ ቀጥ ብለው ክሊኒኩን እያሳዩ ነበር። እንደ ጨዋ።

በኋላ ከእናቶቹ አንዷ ነጠላቸውን ተከናንበው ወጡና አዘኑልኝ። «አብሽር ልጄ፣ የመጀመሪያው አይደለህም። ባለፈው ሳምንት ውሃ የጫነ አህያ ነው የላከብን። አህያውማ ጨዋ ነው፤ እንዳየን ዞሮ ሄደ።»

ደሴ ላይ መንገድ መሳት ማለት ዳገት ማለት ነው። የወረድኩትን ሁሉ እየገፋሁ ወጣሁት። ክሊኒኩ ስንደርስ ስድስት ሰዓት ከሩብ። በሩ ላይ የአጎትዎ ልጅ ተለጥፏል፦ «ለሚቀጥለው ሐሙስ ይምጡ»።

ለነገሩ ነፋስ ባይኖርም ጋሼ አያነቡዎትም። ምልክት ሠሪዎች አንድ ቀላል ስሌት አላቸው፤ ለእያንዳንዱ 3 ሜትር ርቀት 2.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ የፊደል ቁመት። ከመኝታ ክፍሉ በር እርስዎ ድረስ 12 ሜትር ነው። 10 ሳንቲ ሜትር ሊሆኑ ይገባ ነበር። ለካሁዎት፤ አንድ ሳንቲ ሜትር ነዎት። ያውም ስሌቱ ለጤነኛ ዓይን ነው። ሰው ሲያረጅ የዓይኑ ሌንስ ወደ ቢጫ ያደላል፣ የሚያስገባው ብርሃን ይቀንሳል፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ይምታታበታል። እርስዎ በአረንጓዴ ወረቀት ላይ በሰማያዊ ቀለም ታትመው፣ በዚያ ላይ ላሚኔት ለብሰዋል። ፀሐይ ስትወጣ መስታወት ነዎት። ሲዘንብ ደግሞ ውሃው በምስማሩ ቀዳዳ ገብቶ ከ«ክሊኒክ» ላይ «ክሊ» ብቻ አስቀርቷል። እንግዲህ ዓይኑን ሊታከም የሚሄድ ሰው መንገዱን ለማግኘት ቀድሞ መዳን አለበት።

ከቤተሰብዎ ጋር የቆየ ትውውቅ አለን። የጡረታ መስኮት ላይ «ወደ መስኮት 5 ተዛውሯል» የሚለው ወንድምዎ፤ መስኮቶቹ አራት ናቸው። «ሲስተም የለም» የሚለው ታላቅዎ፤ እሱ እንኳን ቋሚ ቅጥር ነው። ተቆልፎ የኖረ በር ላይ «በዚህ ይግቡ»። እዚያው ግቢ ውስጥ ደግሞ በመስከረም ለአረጋውያን ቀን የተለጠፈው «ወደ ድንኳኑ» አሁንም አለ። ድንኳኑ ያኔውኑ ፈርሷል።

አሁን «እርስዎ» ማለቱ ይቅርብኝ።

ጋሼ ፊደል የቆጠሩት በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ያኔ የጭነት መኪና ረዳት ነበሩ። ማንበብ ቻሉና መንጃ ፈቃድ አወጡ። ከዚያ መንገዱ በ1990 ዓ.ም. በጦርነቱ እስኪዘጋ ድረስ፣ ከደሴ በኮምቦልቻ፣ በባቲ፣ በሚሌ አድርገው አሰብ ተመላለሱ። በሌሊት። የሐረጎን ዳገት ጭጋግ ውጦት። አንድም ቀን መንገድ ጠፋኝ ብለው አያውቁም።

ሐሙስ ማታ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ምን አሉኝ መሰለህ? «ልጄ፣ ጭንቅላቴ ሄዷል። ግቢዬ ውስጥ ጠፋሁ።» አልሄደም! የዞርከው አንተ ነህ። አንተ አሳሳትክ፣ እሳቸው አፈሩ። ከዚያ ወዲህ ብቻቸውን ከክፍል አይወጡም። ለአቦሉ ከሁሉ ቀድመው የሚደርሱት ሰውዬ «ስኒው እዚሁ ይምጣልኝ» ማለት ጀምረዋል። አንድ ምስማር ስንት ብር ነው? መዶሻ የሚያነሳ አንድ ሰው ጠፋ? ኃላፊው በየቀኑ በሥርህ ያልፋል። አያይህም። ምን ያደርግልሃል፣ እሱ መንገዱን ያውቀዋላ!

ይቅርታ፣ ክቡር ሆይ። ትከሻዬ ነው።

የምንጠይቅዎት ብዙ አይደለም። ሁለተኛ ምስማር። ነጭ ወይም ቢጫ ላይ ጥቁር፣ ትልልቅ ፊደል። ላሚኔቱ የማያብረቀርቅ። መታጠፊያ ባለበት ሁሉ አንድ ወንድምዎ ይቁም፤ መሄጃውን ብቻ ሳይሆን መመለሻውንም ይናገር። ጥግዎ ላይ የሚወርዱበት ቀን ይጻፍ። መታጠቢያ ቤቱ በር ላይም፣ ስለ አላህ፣ ስለ ማርያም፣ የሆነ ነገር ይጻፍ።

በመጪው ሐሙስ እንመጣለን። ጋሼን እንደምንም አሳምኜ አወጣቸዋለሁ። እኔ መዶሻ እይዛለሁ።

ከማይናወጥ አክብሮት ጋር

ግልባጭ፦
ለጦሳ ነፋስ
ለአህያው፣ ስላሳየው ጨዋነት
ለግቢው ኃላፊ ቢሮ፣ ቀስቱን ተከትለን ስናገኘው