ቦርሳሽ አይጉደል

ባለፈው ቅዳሜ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ አስነጠሰኝ። ከፊቴ ያሉት ሰውዬ ዞር ብለው «ይማርህ» ሳይሉኝ ከኋላ አንድ እጅ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። መዳፉ ላይ ሁለት ቀለም ያለው ካፕሱል ተቀምጧል። ማሸጊያ የለው፣ ስም የለው፣ የከረሜላ ብናኝ ተለጥፎበታል። «ዋጥ አድርገው፣ ሳይብስብህ» አለኝ ባለ እጁ።

ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ነውር ነዋ! ክኒን የዘረጋልህን ሰው «ስሙ ማን ነው?» ማለት፣ ጠላ የቀዳችልህን ሴት «ጌሾው ስንት ኪሎ ነው?» ብሎ እንደ መመርመር ነው። አመስግኜ ኪሴ ከተትኩት። ያስነጠሰኝ ግን የድንኳኑ አቧራ ነበር።

ነገሩን እናንተም ታውቁታላችሁ። ታክሲ ውስጥ ስላችሁ፣ ቢሮ ራሳችሁን ይዛችሁ፣ ሠርግ ቤት ሆዳችሁን ቆርጧችሁ ባዶ እጃችሁን የተመለሳችሁበት ቀን አለ? የለም። መቶ ብር ለማበደር ሦስት ቀን የሚያወጣ የሚያወርድ ሰው፣ ክኒን ሲሆን እጁ አይታጠፍም። ይህ ልግስና እስካሁን የሚገባውን ምስጋና አላገኘም። ዛሬ እኔ ላመስግን።

መጀመሪያ ነገር ይፈጥናሉ። ሐኪም ዘንድ ብትሄዱ ካርድ ታወጣላችሁ፣ ወረፋ ትይዛላችሁ፣ ከዚያ ጥያቄው ይጀመራል። «መቼ ጀመረህ? ሌላ የምትወስደው መድኃኒት አለ? መጠጥ ትጠጣለህ? ኩላሊትህን ታመህ ታውቃለህ?» ስንት ዓመት ተምሮ እስካሁን ይጠይቃል! የሰፈራችን ሐኪሞች ግን አይጠይቁም። «ይቺማ የእኔዋ ናት፤ አምና ይዛኝ ነበር» ይላሉ። ምርመራው አለቀ። የቀረ ነገር ካለ ውኃ ማቅረብ ነው።

ከሁሉም በላይ የማከብራቸው ግን እትዬ ባለቦርሳን ነው። በየቤተዘመዱ አንድ እንደሳቸው ያለ አይጠፋም። ቦርሳቸው ጥቁር ነው፤ ዚፑ በግማሽ ተበላሽቷል፤ ሲንቀሳቀሱ ይንሿሿል። ትልቁ ኪስ የራስ ምታት ክፍል ነው። እዚያ ውስጥ ከጤና ጣቢያ የመጣው ነጩ ፓራሲታሞል አለ። የእህታቸው ልጅ ከዱባይ ያመጣችላቸው ፓናዶል አለ። ከሜሪላንድ በሰው እጅ የተላከ ትልቅ ጠርሙስ ታይለኖልም አለ። እትዬ በማዕረግ ነው የደረደሯቸው። የአገር ቤቱ ለተራ ራስ ምታት። የዱባዩ አልለቅ ላለው። የአሜሪካው ደግሞ ለዘመድና ለክፉ ቀን።

ሦስቱም አንድ መድኃኒት ናቸው። ፓናዶልም ፓራሲታሞል ነው፣ ታይለኖልም ፓራሲታሞል ነው። ፋርማሲ የሚማር የወንድማቸው ልጅ ይህን ሊያስረዳቸው ሞክሮ ነበር። «አንተ ገና ተማሪ ነህ» ተባለና ቁጭ አለ። እውነትም ድፍረት ነው። አውሮፕላን የተሳፈረ መድኃኒት ከጤና ጣቢያ በእግሩ ከመጣ መድኃኒት ጋር እኩል ነው ይባላል?

እንግዲህ አንድ ጎረምሳ ጠዋት ራሱን አሞት እሳቸው ቤት ገባ እንበል። ሁለት ፍሬ የአገር ቤቱን ያገኛል። ትንሽ ቆይቶ «አልለቀቀህም? ድሮም የዚህ አገር ነገር!» ይባልና ሁለት ፍሬ የዱባዩ ይከተላል። ከምሳ በፊት ሁለት ፍሬ የአሜሪካው። መሐል ላይ ጎረቤት ብቅ ብላ «ጉንፋን ሳይሆን አይቀርም» ትልና በሙቅ ውኃ የሚበጠበጥ የጉንፋን ዱቄት ታመጣለች። እሱም ውስጥ ፓራሲታሞል አለ። እስኪ ደምሩት። አንዱ ፍሬ ብዙ ጊዜ 500 ሚሊግራም ነው፤ ስድስቱ 3 ግራም። ዱቄቱ ሲጨመር ከዚያ ያልፋል። ለጤነኛ አዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ጣሪያው 4 ግራም ነው፤ ስምንት ፍሬ። እኛ ገና ምሳ አልቀረበልንም።

ምሳ ሲቀርብ ልጁ ጨጓራውን አቃጠለው። ለካ በመሐል ወገቡንም ብሎ ስለነበር በባዶ ሆዱ ዳይክሎፌናክ ተሰጥቶት ኖሯል። ችግር የለም፤ የጨጓራ ኪስ አለ። ኦሜፕራዞል ወጣ። ፊቱ ገረጣ። «ደም የለህም» ተባለ፤ ቫይታሚን ወጣ። አሁንም ምግብ እምቢ አለ። ትል ይሆናል፤ የትሉ ወጣ። ትል ባለበት አሜባም አይጠፋም፤ ሜትሮኒዳዞል ወጣ። ወዲያው አፉ ብረት ብረት አለው። መድኃኒቱ የታወቀ ጠባዩ ነው፤ እትዬ ግን «ምራቁ ተበላሽቷል» ብለው ከረሜላ ሰጡት። ልጁ በዚያ ቀን ከወሰዳቸው ነገሮች ሁሉ በስሙ የሚያውቀው ከረሜላውን ብቻ ነው።

መጠኑን በዓይናቸው ነው የሚለኩት። ቀጭን ከሆንክ ግማሽ፣ ወፈር ካልክ ሁለት፣ አማች ከሆንክ ሦስት። የአገልግሎት ጊዜው አልፏል የሚል ካለ «ቀኑ የሚጻፈው ለነጋዴ ነው» ይላሉ። ልጁ ሆስፒታል ከተኛም አይቀሩም፤ ብርቱካን ይዘው ይጠይቁታል። ቦርሳውም አብሮ ይመጣል። አጠገቡ የተኛው በሽተኛ ሲያቃስት ሰምተው ዝም ይላሉ እንዴ?

ስለ ጉበትም ትንሽ ልበል፤ እትዬ ሲያልፉ ሰላም ስለማይሉት። ፓራሲታሞል በልኩ ከተወሰደ ደህና መድኃኒት ነው። ጉበት አብዛኛውን አለዝቦ በሽንት ይሸኘዋል። ጥቂቱ ግን መንገድ ላይ ወደ መርዝነት ይለወጣል፤ ጉበት ይህን መርዝ የሚያከሽፈው ግሉታታዮን በሚባል የራሱ ስንቅ ነው። ክኒኑ ሲበዛ ስንቁ ያልቃል። ያኔ መርዙ የጉበቱን ሴሎች መግደል ይጀምራል። አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች ይህን የደረሱበት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። በዚያው አገር ጉበት በድንገት ሥራውን ሲያቆም ቀዳሚው ምክንያት ዛሬም ይኸው መድኃኒት ነው። ግማሽ የሚያህሉት ሕመምተኞች ራሳቸውን ሊጎዱ ያሰቡ አይደሉም። ሕመም አስታግሳለሁ ብለው ነው፤ ብዙዎቹም ሁለት ስም ያለውን አንድ መድኃኒት ደራርበው።

ደግሞ ተንኮለኛ ነው። የመጀመሪያው ቀን ያን ያህል አያስታውቅም። ትንሽ ያቅለሸልሻል፣ ከዚያ የተሻለህ ይመስልሃል። ማርከሻ አለው፤ አሴቲልሲስቲን ይባላል። በደንብ የሚሠራው ግን ከመጠን በላይ በተወሰደ በስምንት ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። በስምንት ሰዓት ውስጥ ሐኪሙ «ምን ወሰደ?» ብሎ ይጠይቃል። ቤተሰቡ እርስ በርስ ይተያያል። «ነጭ ክኒን» ይላሉ።

የትኛው ነጭ? ዓለም በነጭ ክኒን የተሞላች ናት። ክኒኑ የመጣው በደብተር ወረቀት ተጠቅልሎ ነው። ስም የለውም፣ መጠን የለውም፣ የሰጠው ሰውም ስልኩን አያነሳም። ይሄ ደግነት አይባልም። ሕፃን ሲሆንማ! የአዋቂ ክኒን በጥርስ ገምሶ፣ በማንኪያ በጥብጦ፣ አፍንጫውን ይዞ ለሁለት ዓመት ልጅ መጋት ምን የሚሉት ርኅራኄ ነው? የሕፃን መድኃኒት የሚሰላው በኪሎው ነው። ልጁ በዛብኝ አይል፣ አፍ የለው። በኋላ ደግሞ «ሰው በልቶት ነው» ይባላል። ማን ነው የበላው? እናንተ ናችሁ! በማንኪያ!

እሺ። ወደ ምስጋናዬ።

ዳይክሎፌናክን ጠቅሼ ማለፌ ቅር ያሰኘው ወገን ይኖራል። ወገቡን፣ ጉልበቱን፣ አንገቱን የሚለው፤ ኳስ ተጫውቶ ሲመጣ «አንድ መርፌ ውጉኝ» ብሎ መድኃኒት ቤት የሚገባው ጎልማሳ። ለእሱ የጥንብ አንሳን ታሪክ ላውራው። በሕንድና በፓኪስታን ይህ መድኃኒት ለከብት ይሰጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ጥንብ አንሳዎች መርገፍ ጀመሩ። ነገሩ ሲጣራ፣ መድኃኒቱ የተሰጠው ከብት ሲሞት ሥጋውን የበላው አሞራ ኩላሊቱ ሥራ ያቆማል። እ.ኤ.አ. በ2004 ፓኪስታን ላይ የተሠራ ጥናት ነው ያረጋገጠው። አባ ሰንጋ የገደለውን በሬ በልቶ ምንም የማይሆን ወፍ ነው እንግዲህ። በአካባቢው ከነበሩት አንዳንድ ዝርያዎች ከመቶ ከ95 በላይ አለቁ። እ.ኤ.አ. በ2006 ሕንድ፣ ፓኪስታንና ኔፓል ለከብት እንዳይሰጥ ከለከሉ። በ2024 የወጣ የሁለት ኢኮኖሚስቶች ጥናት ደግሞ ሒሳቡን ወደ ሰው አመጣው። አሞራው ሲጠፋ ጥንቡ ሜዳ ላይ ቀረ፣ ውኃው ተበከለ፣ የውሻው ቁጥር በዛ። በዚህ ሰበብ ሕንድ ውስጥ በአምስት ዓመት ብቻ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ተጨማሪ ሰው ሞቷል ብለው ገምተዋል።

የሰው ኩላሊት ከአሞራው የተሻለ ይችለዋል። ውኃ የጠማው፣ ሽማግሌ የሆነ ወይም ቀድሞ የተጎዳ ኩላሊት ግን ብዙም አይችልም። የእኛ ጎልማሳ በባዶ ሆዱ፣ በላብ ጨው ሆኖ፣ ቡና አስከትሎ ይወስደዋል። ጀግንነት ነው። ጥንብ አንሳ እንኳ ያልደፈረው።

«እኔ ኬሚካል አይነካኝም፤ የተፈጥሮ ብቻ ነው የምጠቀመው» የሚለው ምሁርም ምስጋናው አይቅርበት። ስልኩ ላይ ያየውን ሁሉ ፈጭቶ የሚጠጣ ነው። አልጫችን ውስጥ የሚገባው እርድ ማንንም አልበደለም። እሱ ግን እርዱን አጥብቆ በካፕሱል ይወስዳል፤ በደንብ እንዲሰርግ ቁንዶ በርበሬ የተጨመረበትን ይመርጣል። በ2022 አሜሪካ ውስጥ በወጣ ጥናት በእርድ ሰበብ ጉበታቸው የተጎዳ 10 ሰዎች ተመዝግበዋል፤ አንዱ ሞቷል። ቁንዶ በርበሬውም ከአንዳንዶቹ ካፕሱል ውስጥ ተገኝቷል። ሰርጓል ማለት ነው።

ተፈጥሮ አይጎዳም ለሚል ሰው የትግራይን የታሕታይ ቆራሮን ገበሬዎች ማስታወስ ይበቃ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ሆዳቸው እያበጠ፣ ጉበታቸው እየከዳቸው ስንቱ አለቀ። ተመራማሪዎች ከእህሉ ጋር የሚታጨድ አረም ውስጥ ጉበት የሚያበላሽ መርዝ አገኙ። አረም ነው፤ መቶ በመቶ ተፈጥሮ። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ሐረር በሚገኙ ሆስፒታሎች የተሠራ ጥናት ጫት መቃም ለሥር የሰደደ የጉበት በሽታ እንደሚያጋልጥ አሳይቷል። ይህን ለምሁራችን ብነግረው «ቅጠል አይደል እንዴ!» ነው የሚለኝ። ያውም ጉንጩ ሞልቶ።

ባንኮኒ ጀርባ የቆመው ወዳጃችን ግን የሁሉም አባት ነው። «አሞክሲሊን ነበረ?» ስትለው ለማን፣ ለምን አይልም። የእሱ ሕክምና ሁለት ቃል ናት፤ «ስንት ፍሬ?» ብር ያነሰህ እንደሆነ አራት ፍሬም ይቆርጥልሃል። ጉንፋን የሚያመጣው ቫይረስ ነው፤ አሞክሲሊን ቫይረስ አይነካም፤ እሱ ይህን በደንብ ተምሯል። ዲፕሎማው ከኋላው ተሰቅሏል። ዞር ብሎ አያየውም እንጂ።

እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1998 ተራ ሱቅ በአንድ ፓኮ ከ16 ፍሬ በላይ ፓራሲታሞል እንዳይሸጥ፣ ፋርማሲም ከ32 እንዳያልፍ ሕግ አወጡ። ከዚያ በኋላ በነበሩት 11 ዓመታት በመድኃኒቱ ምክንያት የሚሞተው ሰው በ43 ከመቶ ያህል መቀነሱን ያጠኑ ጻፉ። ከዚህ የምንማረው እንግሊዞች ምን ያህል ንፉጎች እንደሆኑ ነው። አስቡት፤ እንግዳ መጥቶ ራሱን አሞት ቤቱ ያለው 16 ፍሬ ብቻ ሲሆን! ማን ፊት ይቆማል?

የእኛ ቢሮ ባለመሳቢያ እንዲህ ያለ ውርደት አያውቅም። መሳቢያው ከታች እስከ ላይ ሙሉ ነው። ሰሞኑን ደግሞ አዲስ ነገር ገብቶለታል። የአባቱ ተዝካር ካለፈ በኋላ ኮመዲኖ ሲያጸዳ ሁለት ፓኮ የተረፈ ኤናላፕሪል አገኘ፤ የደም ግፊት መድኃኒት ነው። መጣል ኃጢአት ነው ብሎ ይዞት መጣ። ይህ መድኃኒት የፅንስን ኩላሊት ስለሚጎዳ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። ትናንት የሒሳብ ክፍሏ ልጅ፣ ሰባተኛ ወሯ ነው፣ «ራሴን ከበደኝ» ብላ ግንባሯን ስትይዝ መሳቢያው ተከፈተ።

«እንኪ፣ ግፊት ነው የሚሆነው» አላት። «ለአባዬ እንዴት ተስማምቶት ነበር መሰለሽ!»